ያልሰፋሁት

ዓመቱን በሙሉ እግሬ ሲሄድ ኖሯል፣
ከወንበሬ ሳይርቅ ስንት አገር ዞሯል።
መርገጫው ላይ ወጥቶ፣ መርገጫው ላይ ወርዶ፣
አንድ ክንድ ሳይራመድ ሺህ ክንድ ጨርቅ ሰዶ።
በመኪና ግርግር፣ በሲንጀሬ ጀርባ
ፀሐይን የማውቃት በር ላይ ስትገባ።

ጳጉሜን አምስቷንም ሳልተኛ ከረምኩኝ፤
ለሰፈሩ በዓል ክር ስበጥስ ነጋብኝ።
ማርዳ ግን ቆማለች፣ ጫማዋን አጥልቃ፣
ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ቃል ቆጥራ ጠብቃ።
«አባ፣ አምና ብለሃል፦ ‘ለከርሞ ጋራውን…’»
እውነት ነው፣ ብያለሁ፤ ማን ይክዳል ያለውን?
ልብስ ሰፊ እኮ ነኝ። ሰፊ ሁሉ ይላል
«ማክሰኞ ይደርሳል»፤ ማክሰኞ ግን ያልፋል።

በቡዳ በር ወጣን፣ ገና ሳይሞቅ ጠዋት፣
የሌሊት ጅብ ዱካ ጭቃው ላይ እንዳለበት።
አጸደ ዳቦውን በነጠላ ቋጥራ፣
ለውዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል ጨምራ።
ሱራ፣ አራት ዓመቱ፣ በኮንጎ ጫማው
ኩሬ የተባለ አንድም አላመለጠው።
የጎረቤት ልጅ ሬድዋን ተከተለ፤
«በዓሉ የናንተ፣ ጋራው የኔም» አለ።

ክረምት፣ «ለቀቅኩ» ብሎ እንዳልወጣ ተከራይ፣
ጉሙን እንዳሰጣ ነው በሐኪም ትከሻ ላይ።
ዳገቱን ስረግጠው ጉልበቴ ገረመው፤
ተረግጦ አይመለስ፣ መሬት ዝም ያለ ነው።

ድንች በአህያ ጭና ቁልቁል የምትመጣ
አንዲት ሴት አገኘን፣ ከጉሙ ውስጥ ወጣ።
«አካም ቡልተን?» ብላ መንገዱን ለቀቀች፣
ለሱራ በቆሎ ከጉያዋ ሰጠች።
ቀሚሷን አወቅሁት፤ እጅጌው የእጄ ነው፤
ፊቷን ግን ያን ጊዜ ቀና ብዬ ያላየሁት ነው።
ወገቧን በሜትር፣ በቁጥር የማውቃት፣
ዛሬ ገና፣ ጋራ ላይ፣ «ደህና ነሽ ወይ?» አልኳት።

ከዚያ ነው በለሱ። ለሬድዋን፣ ለማርዳ
አንድ ፍሬ ላወርድ ስንጠራራ፣ እንግዳ፣
እሾሁ ሱሪዬን ይዞ አስቀረው እንደ ዕዳ።

ጥርርር።

ከጉልበት እስከ ባት።
ዝም አልን።
ሱራ ነው መጀመሪያ የሳቀው።
ከዚያ ሬድዋን፣ አፉን በእጁ ይዞ።
ከዚያ አጸደ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ እንባዋ እየወረደ፦
«የሰው ሲጠግን ከርሞ የራሱ ተቀደደ!»

ኪሴን ብዳብሰው መርፌ የለ፣ ክር የለ፤
ጣቴ ላይ የመርፌ ጠባሳ ብቻ አለ።
መርፌ ቁልፍ አወጣች ከነጠላዋ ጫፍ፣
አያያዘችልኝ፣ እየሳቀች፣ በግማሽ አፍ።
ነፋስ ቢገባበት በተቀደደው በር
ጉልበቴ ልጅ ሆነ፤ ያምረው ጀመር መብረር።

ላይ ስንደርስ ጉሙ ተገለጠ፣ ከታች
ሐረር፣ መዳፍ የማትሞላ ቁራጭ ጨርቅ መስላለች፤
ግንቡ ዙሪያዋን ይዟት፣ እንደ ቅምቅማት።
«በሮቿስ?» አለች ማርዳ፤ ቶሎ መልስ መጣልኝ፦
«የቁልፍ ቀዳዳ፣ አምስት።» አመነችኝ።
«ቤታችንስ ታዲያ?»
ፈለግሁ። ደግሜ ፈለግሁ።
አሥራ ስምንት ዓመት የሰፋሁበትን አጣሁ።
ያ ሁሉ ግርግር እዚህ አይደርስም፤
የሚሰማው የሁለት ልጆች ጠብ ነው፣ አንድ እንቁላል ላይ፣
እሱም ብዙ አልቆየም።

ስንወርድ ሱራ ጀርባዬ ላይ አንቀላፋ፣
በኮንጎው ጭቃ ሸሚዜን እያሰፋ፣
እያቀለመ፣ እያጠፋ።
በሩ ጋ ሦስት ደንበኛ፣ አዲስ ልብስ የለበሱ፣
«እንኳን አደረሰህ!» አሉኝ፤
ሱሪዬን ሲያዩ ግን ሦስቱም ምላስ ነከሱ።

ይኸው መስከረም ሊጋመስ ነው። መርገጫው ላይ ነኝ።
ዳገት እየመሰለው እግሬ ያስቸግረኛል።
ሱሪው ሚስማር ላይ ነው፣ ከነመርፌ ቁልፉ፣
በር በተከፈተ ቁጥር ነፋስ ይገባል በቅዱ፣ ያልፋል።
አጸደ ትላለች፦ «ምነው? ስፋው እንጂ!»
ቀና ብዬ አያታለሁ።
«ማክሰኞ» እላታለሁ።