ለአንድ ጭራ

አዘዞ፣ ካምፑ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ቤት፣
መብራት ሄዶ በሻማ፣ ወረቀቱ ፊት፣
አርባ ትንፋሽ አለኝ፣ በስም የማውቃቸው፣
ከደመወዝ ማግሥት ብቻ ድምፅ የሚያጥራቸው።
የተቀመጥሁት ግን ለአንድ ጭራ ነው፤
ከፈረስ ጅራት ተነቅሎ፣ በሙጫ ታሽቶ፣
ዝናብ ሲያሸተው ለሚልም፣ ከቅኝቱ ወጥቶ።

ባይሳሳው ትናንት ከቡርቧክስ መጥቶ፣
የረጠበ ጋቢውን ከወንበር ዘርግቶ፣
ማሲንቆውን ከፌስታል ቀስ አድርጎ ፈታ።
«ጌታው፣ ይሄ ሁሉ ናስ ከኋላዬ ሲያገሳ
እኔን ማን ይሰማኛል?» ብሎኝ ሳቀ።
ባንዱ ሲጀምር ሳቁ አለቀ፤
እጁ ይሄዳል፣ አገጩ ይሄዳል፣ ድምፁ የለም፤
ጣና ውስጥ አፉን እንደሚከፍት ዓሣ።

ስለዚህ ልሰርዝ።
ትራምፔቶቹን ቀድሜ፤ ቢያኮርፉም ሰልፍ ይክሳቸዋል።
ከአራት ትሮምቦን አንድ አስቀረሁ፣
የእሱንም አፍ በጨርቅ ደፈንሁ።
ክላርኔቶቹን ግን አመንኋቸው፤
እንጨት ናቸው አልሁ፣ ለስላሳ ናቸው፣
የማሲንቆ ዘመድ መሰሉኝ፣
አሥሩንም ተውሁ፤ እነሱ ጉድ ሠሩኝ።
በጭራው ቁመት፣ በጭራው መንገድ፣ ትከሻ ለትከሻ፣
እያባበሉ ዋጡት እንደ ጉርሻ።

ጋሼ ቢምረው ቱባውን ታቅፎ፣
ሃያ ስምንት ዓመት ከኋላ ተሰልፎ፣
«እኔንስ መቼ ነው የምታሰናብተኝ?» አለኝ።
ስሙ ላይ እስክሪብቶዬን ሳሳርፍ
አንድ ድምፅ ያዘ፣ ለማሟሟቅ ያህል፣
የጠገበ ሰው እንቅልፍ የመሰለ።
ባይሳሳው ከጎኑ መቃኛውን ያጠብቅ ነበር፤
ደጋኑን ሳብ አደረገ፣ ለራሱ፣
ተሰማ።
ሻካራው ሁሉ፣ የጣቱ መንሸራተት ሳይቀር።
አንዱ ከምድር ቤት፣ አንዱ ከሰገነት፣
መሃሉ ባዶ፤ እንደ ኢያሱ ቤተ መንግሥት፣
ወለሉ ወድቆ ሰማይ እንደሚገባበት።

ሌሊቱን ቀደድሁ፣ እንደገና ጻፍሁ።
ሁለት ክላርኔት፣ ከታች፣ ግጥሙ ሲያልቅ ብቻ።
ከበሮ በጣት።
ለቀሩት ሰባ ሁለት ባር ባዶ።
(ስመኝ ገጿን አይታ «ቆሎ ልያዝ?» አለችኝ።)
ለቱባ አንድ ድምፅ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣
ረጅም፣ ሳይቋረጥ፤ ኮራሁበት።

ጠዋት ጋሼ ቢምረው መነጥሩን አድርጎ
ወረቀቱን አየ፣ ገለጠ፣ መለሰ።
«መልካም ነው፣ ልጄ። እኔ የት ነው የምተነፍሰው?»

ዝም አልሁ።
ጭራ አይተነፍስም፤ ደጋን ሄዶ ይመለሳል፤
እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የጻፍሁት ለሚሰማው ሰው እንጂ
ለሚነፋው ሰው አልነበረም።

ባይሳሳው ኖታ አያነብም። እርሳሴን ወሰደ፣
«የቱ ጋ ነው የሚደክመው?» አለኝ፤ አሳየሁት።
በገዛ መስመሩ ላይ አንድ ጭረት ጫረ።
«እዚህ ጋ እጠብቀዋለሁ።»