ከቃለ ጉባኤው በኋላ

ከላህ ወንዝ ወዲህ፣ ፍኖተ ሰላም ዳር፣
አጎቴ ሲሞቱ የደረሰኝ ነገር፦
ቀበቶው የላላ ቴፕ፣ የእድር ደረሰኝ፣
አንድ ካሴት፣ ላዩ "ስብሰባ" የሚለኝ።

ጸሐፊ ነበሩ። ሲያነቡ ይሰማል፦
"አቶ ጥጋቡ የሁለት ወር ቀርቶባቸዋል፤
ድንኳኑ ተቀዷል፤ ድስቱ አልተመለሰም፤
ሌላ አሳብ ያለው ሰው? ... እንግዲያው የለም።"
ሳል። የወንበር ጩኸት። "ስብሰባው ተዘጋ።"
ቀጭ።
ከዚያ በቴፑ ውስጥ አንድ ጊታር ነጋ።

ምን ብዬ ልንገራችሁ? ብረት ነው፤ የሚስቅ ብረት፤
ሮጦ የመጣ ሐዘን፣ ጭብጨባ ያለበት።
ሦስት ልጆች ባንድ አፍ "ነገ ነው" ሲሉበት
ልቤ ደረጃውን ሁለት ሁለት ወጣ፤
ዘፈኑ ግን አልቋል፣ ወንበር ሳላመጣ።

መናኸሪያው ፊት ካሴት ይሸጡ የነበሩ
ጋሽ ውዱ ሲሰሙት መሳቅ ጀመሩ፦
"የኪነቱ ልጆች! ቀን ለሰልፍ ያሞቃሉ፤
ሲመሽ ያንኑ ጊታር ባጥር ያዘልላሉ።
የእህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ደርድረው፣
የከተማው ሞተር እስኪጠፋ ቀድተው፣
ስምንት ዘፈን አመጡ። ረጅሙ ሦስት ደቂቃ!
ሰው ትከሻው ሳይሞቅ ዘፈኑ ሲያበቃ
'ብሬን መልስ' አለኝ። እኔም መለስኩለት።
ሁለት መቶውን ካሴት በባዶ ሂሳብ ሸጥኩት፣
ይቅዱበት ብዬ።"

"ሽፋኑ ትዝ ይለኛል" አሉ፣ ጥቂት ቆይተው፣
"ሦስቱም አንድ ብስክሌት ላይ ተፈናጠው፤
ያንደኛው ራስ ተቆርጧል፤ ጥርሱ ብቻ ቀርቷል፤
ከሥሩ 'ነገ ነው' ይላል።"

እንዲህ ነው የጠፋው። በላዩ ላይ ሰዎች
ሰርግ ቀዱ፣ ሙሾ፣ የጾም ስብከቶች፣
አሰብ የሄደ ልጅ ለናቱ ሰላምታ።
ብር ሸለቆ ቅርብ ነው፤ ብር ግን ላንዳፍታ
እጃቸው አላደረም፣ የእነዚያ ልጆች።

ጊታሩን የያዘው፣ ግጥም የጻፈው አንሙት
ዘመቻ ሄዶ ቀረ፤ መርዶም አልመጣለት።
ከበሮ መቺው ይበልጣል ዳንግላ ዳኛ ሆኗል፤
ዛሬም የሚመታው ነገር አግኝቷል።
ምናለ ግን እዚሁ ማዳበሪያ ይሸጣል።

"ባስ ትጫወት ነበር?" ስለው፣ ቀና ሳይል፦
"እኔ እንጃ ወንድሜ። ለስንት ጥማድ ብለሃል?"
ቴፑን ባንኮኒው ላይ አኑሬ ከፈትኩት።
ፊቱን አየሁ፤ አንዳች ለውጥ አላየሁበት።
አንዲት ጣቱ ብቻ
ወጣች፣ ወረደች በባንኮኒው ዳርቻ፣
ከባሱ ጋር እኩል፣ አንድም ምት ሳትስት።
አፉ ክዶ ነበር፤ ጣቱ መሰከረችበት።

አንዱን አገኘሁት፤ ሰባት ይቀራሉ።
በየትኛው ቆጥ ላይ፣ ማን አልጋ ሥር አሉ?
ደንበጫም፣ ጅጋም፣ ማንኩሳም ያላችሁ፣
የናት ያባት ሰርግ ካሴት ካገኛችሁ፣
ሽማግሌው መርቀው፣ እልልታው ሲያበቃ፣
እጅ አትስደዱበት፤ ቆዩ አንድ ደቂቃ።
ዝምታው ባዶ አይደል፤ እዚያ ከጀርባው
አንድ ልጅ ጊታሩን እየቃኘ ነው።

ልወጣ ስል ምናለ ከበስተኋላ ጠራኝ፤
ደብተሩን ከድኖ፣ ዐይኑን ሳይሰጠኝ፦
"ሦስተኛዋ ክር እኮ ትንሽ ወርዳለች።
ያኔም ነግሬው ነበር።
'ተዋት' አለኝ፣ 'እንዲህ ስትሆን ነው የምታምር።'"