ዛቢያ

ከለገጣፎ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ከቪላዎቹ ጀርባ ሲጀምረን ጭቃ፣
ሥራ ያስተማረኝ ጋሽ ዲንቃ ነው፤ ዲንቃ፣
አጭር፣ ቁጡ፣ ዝምተኛ፣ ከወፍ ቀድሞ የሚነቃ።

የመጀመሪያ ቀን ጆንያውን ገልብጦ ሣሩ ላይ ዘረገፈ፤
ብረት በብረት ላይ ተንኳኳ፣ ረገፈ።
"ይሄ ዶማ" አለኝ፣ "ይሄ ደግሞ አካፋ፤
ሌላው ዘመዳቸው ነው፤ ስሙን ታውቀዋለህ እጅህ ሲለፋ።"

ዶማ ሲል ደነገጥኩ።
ስድስተኛ ክፍል፣ ሒሳብ እንቢ ቢለኝ፣
መምህር አበጋዝ "አንተ ዶማ!" ያለኝ
ከነጠመኔው ሽታ መጣና ታወሰኝ።
ነገርኩት ለጋሽ ዲንቃ። ሳቀ፤ ሲስቅ ቆየና፣
"ዶማ ማለት እኮ ድንጋይ ፈንቃይ ጀግና፤
ሰውዬው መርቆሃል፤ አልገባህም እንጂ፣ ያኔ ልጅ ነህና።"

አካፋን በክንድህ አትታገል አለኝ፤ በእግርህ ጫን በለው።
ዋልካ ነው አፈሩ፤ ክረምት ጫማ ይበላል፣ በጋ አፉ ክፍት ነው፤
ጥር ላይ ስንጥቁ ክንዴን እስከ ክርኔ ያስገባኝ ነበረ፤
ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ የአምናው ዝናብ ሁሉ እዚያ እንዳደረ።

የደነዘ ማጭድ ሣር አይቆርጥም፣ ያኝካል፤
ዓርብ ዓርብ ሲመሽ ሞረዱን አንስቶ ስለት ያወጣል።
መቀሱን ይዤ ጥዱን ስከረክም፣
"ሦስት እርምጃ ራቅና እይ፤ መቀስ ዓይን የለውም።"
ሁለት ችካል ነበረው፣ አንድ ጥቅል ሲባጎ፤
"ዓይንህ ይሸነግልሃል" ይላል ክሩን ወጥሮ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ።
ካሪዮላችንማ ባለ አንድ እግር አህያ፣
ሽቅብ ስታለቅስ፣ ቁልቁል ስትሮጥ ያለ ማቆሚያ።

ደግሞ ሰርዶ።
አባቴ ገበሬ ነው፤ ዕድሜውን የፈጀ ሰርዶን ሲነቅል፣
እኔ እዚህ፣ በካሬ ሒሳብ፣ ሰርዶን ስተክል።
ቢያይ ምን ይል ነበር?
ጋሽ ዲንቃን ጠየቅኩት። "ይከፈላል?" አለኝ።
"ይከፈላል።"
"እንግዲያ ዝም በል፤ ሥሩን ውሃ አጠጣው።"

የእድሩ ጥሩምባ ሌሊት በተነፋ ቁጥር፣
አካፋና ዶማው ቀድመው ይደርሳሉ ከቤተ ክርስቲያን አጥር፤
መኮትኮቻዋን ግን አንድ ቀን አላበደረም፦
"እሷ የችግኝ ሞግዚት ናት፤ ለቅሶ አትሄድም።"

ጳጉሜ አራት ቀን፣ ያው ጥሩምባ ለራሱ ተነፋ።
የእድሩ ሰዎችም እንደ ልማዳቸው ከደጁ ቆመው ጠየቁ አካፋ።
ሰጠኋቸው።
በሠልስቱ ማግስት ልጁ ሌሊሴ ጆንያውን ጎትታ አወጣች፤
"አንተ ነህ የምታውቃቸው" አለችኝ፤ በሩን ገርበብ አድርጋ ገባች።

ዶማው ከባድ አልነበረም፤ ግን እንቢ አለኝ፤
በሁለተኛው ቀን መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ ትከሻዬ ከዳኝ።
የወይራ ዛቢያ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት የጋሽ ዲንቃ ጣት ያለዘበው፤
ጎድጎድ ያለው ግን በሌላ በኩል ነው፣ የእኔ አውራ ጣት የማይደርስበት ነው።
ያኔ ነው የገባኝ፦ ሰውዬው ግራኝ ነበረ።
ከጎኑ ሰባት ዓመት ስቆፍር ይህ ከዓይኔ እንዴት ተሰወረ?

አናጢው ደምሰው "አዲስ ባሕር ዛፍ ልግጠምልህ፣ በመቶ ሃምሳ" አለኝ።
አሰብኩበት። ብሩም ነበረኝ።
ዛቢያውን ሳይሆን እጄን ለወጥኩት፤
ግራዬን ከፊት፣ ቀኜን ከኋላ፤ እንደ ሕፃን ዳዴ አስተማርኩት።
ጥቅምት ሲገባ ጎድጓዳው ጣቶቼን አወቃቸው።

ትናንት ከጠዋቱ፣ መደብ ስቆፍር ለጽጌረዳ፣
ወይዘሮ ፀዳለ ሲያዩኝ ቆይተው ከላይ፣ ከበረንዳ፣
"ግራኝ ነህ እንዴ?" አሉኝ።
"አይ እትዬ፣ እኔስ ቀኝ ነኝ፤
ዶማው ነው ግራኝ።"