የበሩ ማጠፊያ

ቤተ ክርስቲያናችን ከባሕሩ ጥግ ናት፤
ጣሪያዋ ቀይ ቆርቆሮ፣ ነፋስ የሚያንኳኳት።
በአይስላንድ ምዕራብ፣ በተራራ ሥር፣
ስልሳ ሰው ከገባ የምትወጠር።
እኔ ንያል ነኝ፤ ቁልፍ ያዥ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፤
ሻማ ለኳሽ፣ ደወል ደዋይ፣ በረዶ ጠራጊ ከደጇ ፊት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ ስለ በሩ፤
ሲከፈት ሲጢጥ ይላል፣ ከጉበኑ እስከ ሥሩ።
ያን ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን ይመልሳል፤
ማን አረፈደ? ከነማን? ብሎ ይቆጥራል።
አባቶቻችን ይህን «ንቃት» ይሉት ነበር፤
እኔም እንደዚያው አልኩ፤ ማን ሌላ ሊናገር?

ከዚያ የዓሣው ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ጀመረ፤
ከፊሊፒንስ ሰው መጣ፤ መንደሩ ተቀየረ።
በሱቁ መደርደሪያ የሩዝ ጆንያ ተደረደረ፤
ትምህርት ቤቱ፣ ሊዘጋ ሲል፣ ሁለት ክፍል ጨመረ።

እሑድ እሑድ ግን ያው ነን፤ ያው መዝሙር፣ ያው ዜማ፣
ያው አግዳሚ ወንበር፣ ያው ጉንፋን፣ ያው ሻማ።
ፓስተር ስቴይኑን አዲስ ናት፤ ከከተማ የመጣች፣
«አራተኛውን መዝሙር በእነሱ ቋንቋ እንዘምር» አለች።
ጉባኤው ዝም።
የእኛ ዝምታ፣ ታውቃላችሁ፣ ከ«አይሆንም» ይብሳል፤
ውርጭ ነው፤ ድምፅ የለውም፤ ቧንቧ ግን ይሰነጥቃል።

እኔም አጉረመረምኩ፣ አልዋሽም፣ ከሁሉ በላይ፤
«ዛሬ መዝሙሩን፣ ነገ ወንበሩን፣ ከነገ ወዲያ ሰማይ!»
ኦርጋን መቺው ኤይዮልፉር ሳቀብኝ፤ «አንተ ሰው፣
የሰማዩን ቁልፍ ማን ሰጠህ? የያዝከው የዚችን ነው።»

በጥር ሁለተኛው እሑድ፣ ገና በወጉ ሳይነጋ፣
ስብከቱ ተጀምሮ፣ ቃሉ ሲዘረጋ፣
ሲጢጥ!
አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ፣ ቦቲዋ ላይ የዓሣ ቅርፊት፣
መጣች ከሌሊት ፈረቃ፣ እንቅልፍ ያልጎበኘው ፊት።
አርባ አንገት ዞረ። ልጁ አለቀሰ።
እግሯ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተመለሰ።
ከዚያ ባዶ ያየችው ቦታ ሄዳ ዐረፈች፤
ወየው! በሦስተኛው ረድፍ፣ ከራግንሄይድ ጎን ተቀመጠች።

ራግንሄይድ፣ ባሕር ባሏን ከወሰደባት ወዲህ፣
ከጎኗ የአንድ ሰው ቦታ ጠርጋ ትተዋለች እንዲህ።
አርባ ዓመት ማንም አልነካው፤ ፓስተሮቹም ያውቃሉ፤
በገና ዕለት እንኳ እንግዶች ቆመው ይውላሉ።

ትንፋሼን ዋጥኩ።
ሕፃኑን አየች፣ ቅርፊቱን አየች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፤
«ጠጋ በይ፣ በዚያ በኩል ንፋስ ይገባል» አለች፤
«ለእሱም ስነግረው ኖርኩ፤ እሱ መቼ ሰው ይሰማል?»

ሴቲቱ ቃሉን አልሰማችም፤ እጇን ግን ሰማች፤
ከሱፍ ሻርፑ ግማሽ ሥር ከነልጇ ገባች።

ያን ዕለት ማታ ብቻዬን፣ ባትሪ በአፌ ነክሼ፣
ያን ማጠፊያ አርባ ጊዜ በዘይት አርሼ፣
(ለጉልበቴ የምጠጣው የዓሣ ጉበት ዘይት ነው፤
ከእኔ ይልቅ በሩን ጠቀመው፣ ዝም አሰኘው።)

በሚቀጥለው እሑድ የዘገየ ሰው አልተሰማም፤
ሊጋያ ነው ስሟ፤ ጠየቅኋት፤ መጠየቅ አያምም።

መዝሙሩን? አበላሸነው፣ እውነት ለመናገር፤
ኤይዮልፉር አንድ ስንኝ ቀድሞ፣ በእኛ አፍ ውስጥ ጠጠር።
ሮደልዮ የሚሉት ጎልማሳ ሳቀ፤ እኛም ተከተልነው፤
ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ፤ እንዳለ ነው።

ሁሉም አልወደደም። ቶርቫልዱር ሦስት እሑድ ቀረ።
በአራተኛው ሃዶክ ይዤለት ሄድኩ፤
ስለ መዝሙር አላነሣሁም፤ ስለ ወገቡ ጠየቅሁ።
ስወጣ ብቻ፣ «ቦታህ» አልኩት፣
«ይቀዘቅዛል እንጂ ለሰው አልሰጠሁት።»
መጣ። ያጉረመርማል። ይዘምራል።

ራግንሄይድ ግን ተቆጣችኝ፤ «በሩን ምን አደረግኸው?
ማን እንደገባ በምን ልወቅ? ጆሮዬን ቀማኸው!»
አሁን በየመዝሙሩ መሃል በራሷ ጊዜ ትዞራለች፤
ልትቆጥር አይደለም፤
ወንበሩን በመዳፏ ጠረግ እያደረገች።