ገባን

በጥቅምት መባቻ፣ ቡሬ ሜዳ ላይ፣
ዘጠኝ ለባዶ ሆንን በጠራራ ፀሐይ።
በረኛው እኔ ነኝ። ስሜም ቻላቸው፤
አባቴ አወጣልኝ፣ እኔ ግን አልቻልኳቸው።
ሰባተኛው ሲገባ ቆጠራውን ትቼ፣
ከጎሉ በስተጀርባ፣ በርበሬ ማሳ ውስጥ፣ ኳስ ፍለጋ ገብቼ፣
ትንሽ ቆየሁ እዚያ።
ለማንም አልነገርኩም እስከ ዛሬ ድረስ፣
"በርበሬው ነው" ብዬ ዐይኔን ሳብስ ሳብስ።

ስንመለስ ማታ፣ በአይሱዙ ጀርባ፣ ከባዶ ጆንያ ጋር፣
የሚናገር ጠፋ ከሞተሩ በቀር።
ምንይችል ብቻ ነው፣ ጂጋን ስናልፍ ጊዜ፣
"ዘጠኝ ከአሥር ያንሳል" ያለው በትካዜ።

አሠልጣኛችን አናጢ ነው፤ ጋሽ ባዘዘው ይባላል፣
ኳስ መትቶ አያውቅም፣ ግራ እግሩ ያነክሳል።
ማክሰኞ ሰበሰበን። እርሳሱን ከጆሮው አወረደና፣
ሳንቃ እንደሚመርጥ ሰው አንድ በአንድ በዐይኑ ለካና፣
"እግርስ አላችሁ" አለ፤ "አፍ ነው ያጣችሁ።
ዐሥራ አንድ ሰው ሜዳ ላይ ማን ጠራ ማንን? እርስ በርሳችሁ
እንደ ተጣላ ጎረቤት ዝም፣ ዝም።
ሳንቃና ሳንቃ ያለ ምስማር ቢቆም
ነፋስ ያሳልፋል እንጂ በር ሆኖ አያውቅም።
ከዛሬ ጀምሮ፣ ስም ሳይጠራ ኳስ የሚያቀብል
ተምጫ ድልድይ ድረስ ሮጦ ይመለሳል።"

ሮጥን።
ጤፍ ሲታጨድ ሮጥን፣ ጤፍ ሲወቃ ሮጥን፤
የድልድዩ ጠባቂ በስም በስም ለየን፤
"ዛሬስ ማንን ረሳህ?" እያለ ቀለደብን።
ስም መጥራት፣ ለካስ፣ ያሳፍራል ሲጀመር፤
ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ ለሴት ልጅ እንደሚነገር ነገር።
አትንኩት ደግሞ አለ፣ ተከላካያችን፣ ስሙን የማይመስል፣
ያልነካው ሰው የለም፤ ቅልጥሙ ቁስል በቁስል።

በታኅሣሥ ፍኖተ ሰላም አራት አገባብን፤
አራት ከዘጠኝ ያንሳል፤ ምንይችል አሰላልን።
በጥር ማንኩሳ፣ ሦስት ለአንድ። አንዷን
የራሳቸው ተከላካይ ነው ያገባልን፤
ቢሆንም ጨፈርን።

የልየው እናት፣ ኳስ ሲባል የሚያማቸው፣
"ልጄን አሰነፈው" የሚሉ ለጠየቃቸው፣
ያን ሰሞን አረቄ የሸጡበትን ብር
ከመቀነታቸው ፈተው ሰጡን፣ ለማልያ፣ ያለ አንዳች ንግግር።
ቁጥሩን ባጃጅ ቀቢው በብሩሽ ጻፈልን፤
ሲታጠብ ስምንቱ ሦስት ሆኖ ቀረብን።

በየካቲት፣ ከአማኑኤል፣ ባዶ ለባዶ ሆንን፤
ያቺን ባዶ ይዘን ሙሉ መንገድ ዘፈንን።

ግንቦት። ሰማዩ ጠቁሯል። ቡሬ መጣ ደምበጫ፤
በአሥረኛው ደቂቃ አገባ፣ አንድ አጥቂ፣ በአንድ ሩጫ።
"ዘጠኝ! ዘጠኝ!" አሉ ከዳር፣ ደጋፊዎቻቸው፤
እኔም ስሜን ሰማሁ፣ በሕይወቴ መጀመሪያ፣ ከሜዳው ውስጥ፤ "ቻላቸው!
ቻላቸው!"
ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ሁለቴም ያዝኳቸው።

ሊያልቅ ትንሽ ሲቀር "ልየው!" ብዬ ወረወርኩ፤
ልየው "ምንይችል!" አለ፤
ምንይችል በመስመሩ ኳሷን ይዞ በረረ፣
ሁለት ሰው ከበበው። ቀና አለና ጮኸ፤
"አትንኩት!"
የቡሬው ተከላካይ፣ ረጅም፣ ጨዋ ልጅ፣ እግሩን ሰበሰበ፣
"ኧረ አልነካሁትም!" ብሎ፣ እጁን አንሥቶ፣ ወደ ዳኛው ዞረ።
አትንኩት ግን ስም ነው።
ከኋላ ደረሰና፣ በዚያው በቆሰለው ቅልጥሙ መታት።

ዳኛው ፊሽካ ሊነፋ ሳቁ አላስነፋው አለ።

አንድ ለአንድ። ከስምንት ቡድን ስድስተኛ ወጣን፤
ዋንጫውን ጂጋ ወሰደ፤ ማንም አላየን።
ብቻ፣ በጥቅምት ዘጠኝ ገባብን፤
በግንቦት ገባን።

ጋሽ ባዘዘው እርሳሱን ጆሮው ላይ መለሰና፣
"ነገ የሰው አልጋ አለብኝ" ብሎ ሄደ፣ እግሩን እየጎተተና።
ዝናቡ ጀመረ።
ሁሉም ሮጦ ተጠለለ። እኔ ጎሉ ሥር ቀረሁ።
ደምበጫ ሜዳ ዳር በርበሬ አይዘራም፤
"ዝናቡ ነው" አልኩ። የጠየቀኝ ግን የለም።