ሩር የወደቀችበት

ከዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ጓሮ፣ ከዋርካው ሥር፣
ሦስት ሽማግሌና አንድ አግዳሚ ወንበር።
ነገሩን ያነሣው ይኸነው ነው፤ ሲቀልድ መስሎኝ፦
«እንደ ይስማው ያለ የገና መቺ አልተወለደም፤ እመኑኝ።»

አግደው ይህን ሲሰማ ጫማውን አወለቀ፤
ሊከራከር ሲል ልማዱ ነው። ከዚያ ሳቀ።
«ይስማው? ያ የሰባታሚቱ? በቀኙ ካልመጣችለት
ሩሯን እንደ እንግዳ ቆሞ የሚሸኝ፣ በሰላም ግቢ የሚላት?
ዘውዱን ማን ረሳው? የጨርቃ ጨርቁን ዘውዱ!
የሽመና ክፍሉን ጎበዝ፣ ብረት ነበር ክንዱ፤
ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ፣ ጥጥ በጠጉሩ እንዳለ፣
አንዴ መታ፤ ሩሯን አየር ላይ አዋለ።»

«የዋልከውስ አንተ ነህ፣ ጠላ ቤት» አለ ይኸነው፤
«በይስማው ዘመን ሩር ማለት የወይራ ጉጥ ነው፣
በእሳት የተጠበሰ፤ ቢያገኝህ ጥርስ ያወልቃል።
የዘውዱ ቆዳ ነው፣ በቡትቶ የታጨቀ፤ ድመትም ይመታዋል።»

እኔ ሦስተኛው ነኝ፤ ለዳኝነት የማልመች፤
ፖሊ ቴክኒክ ግምጃ ቤት ነው ዕድሜዬ ያለቀች።
እዚያ ህንዳዊ መምህር ነበረን፣ ናራያን የሚባል፤
ክሪኬት ካነሡበት ሻዩ በእጁ ይቀዘቅዛል።
«በእኛም አገር» ይል ነበር፣ «ባንድ ቀን የሚያልቀውን
ጨዋታ ይዘን ስንጣላ እናሳልፋለን ዘመን።
የትኛው መቺ ይበልጣል? ያ ያለ ቆብ የቆመው፣
ወይስ ይህ የዛሬው፣ በብረት ፊቱን የሸፈነው?
ያኔ ሁለት መቶ ሩጫ ተራራ ነበር ለአንድ ቡድን፤
ዛሬ አንድ ልጅ ብቻውን ይወጣዋል፣ ሳይመሽ ቀኑን።
ግን ዱላው ወፍሯል፤ የሜዳው ዳርቻ ቀርቧል፤
እያንዳንዷ ኳስ ተጽፋለች፤ ጽሕፈቱም ራሱ ያጣላል።»

ይህን ነገርኳቸው። አግደው ሱሪውን ሰበሰበና፦
«የእኛ መዝገብ ይኸው» አለ፤ ቅልጥሙ ላይ ጠባሳ፣ የስድሳ ሦስት ገና።
«ከማን ዱላ?»
«ከዘውዱ!»
«እንግዲያ ሩሯን ሳይሆን
የመታው አንተን ነው» አለ ይኸነው፤ ሳቅ ገደለን።

ባጃጁን ያቆመ ጎረምሳ ጣልቃ ገባ፦ «ቢራራስ?
የዘንዘልማው! በስልኬ አለ። የናንተን ማን አየ፣ ከናንተ በቀርስ?»
አየነው። መታ። ያምራል። ሩሯ ከስልኩ ጠርዝ ወጣች፤
የት እንደ ወደቀች አይታይም፤ መስታወቱ ላይ አለቀች።

ያን ጊዜ እንድሪስ ቀና አለ፤ ታንኳ ሲጠፍር አየሁ፦
«እናንተ መቺውን ታውቃላችሁ፤ እኔ ለቃሚው ነበርሁ።
ሩር ሐይቅ ስትገባ በታንኳ ሄጄ አመጣት ነበር፤
ለአንዷ አምስት ሳንቲም። ርቀቷን ታዲያ ከኔ በቀር
ማን ያውቃል?»
ዝም አልን። አግደው ጫማውን አጠለቀ፤
«ንገረና!» አለ ይኸነው፤ ትንፋሹ አጠረ፣ ተጨነቀ።

«የይስማው ጥቁሩ ድንጋይ ጋ፣ የዘውዱ ከዚያ ወዲያ፣
ጉማሬ ከሚያዛጋበት። አስር ሳንቲም ብጠይቅ ይበዛል እንዴ ታዲያ?»
«አላልኋችሁም?» ጮኸ አግደው።
«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አለ፤
«በይስማው ጊዜ ውሃው እዚህ፣ ዋርካው ሥር ነው የዋለ፤
ተጫዋች ሽቅብ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ይቆም ነበር።
በዘውዱ ዓመት ሐይቁ ሸሸ፤ ሜዳውም ወረደ፣ እስከ ጭቃው ዳር።
ስፍሬ ሐይቁ ነበር፤ ሐይቁ ደግሞ ይመጣል፣ ይሄዳል፤
በሚሄድ ክንድ የተለካ ጨርቅ፣ ማን ልኩን ያውቃል?»
«የቢራራንስ?» አለ ጎረምሳው።
«የዛሬዋማ እምቦጭ ላይ ትተኛለች፤
አትሰጥም፣ አትንሳፈፍም፤ ለቃሚ ትጠብቃለች።

አንዷን ግን አልመለስኳትም። አንድ ገና፣ ማንም ሳይቀጥረኝ፣
ከሁሉም ርቄ ዓሣ ሳጠምድ፣ ጆሮዬ ሥር ጠብ አለችልኝ።
ዳሩን አየሁ፤ ሰው ጉንዳን ነው፤ ጩኸት ብቻ ይሰማል፤
ማን እንደ መታት አላውቅም። ቤቴ አለች።
ንፋስ ሲነሣ በሬን የምትይዝ እሷ ናት፤ ይበቃኛል።»

መሸ። ተነሣን። መንገድ ላይ ይኸነው በድንገት ቆሞ፦
«ያቺ የይስማው ናት» አለ። አግደው ለጫማው ጎነበሰ፣ ደግሞ።