ግማሽ ሚሊሜትር

ስካርፔሪያ፣ ቢላ በሚሞረድበት ከተማ፣
እሑድ ከቀትር በኋላ የኤልቪዮ ስም ተሰማ፤
በመጨረሻው ዙር መኪናችን ቁልቁል ስትወርድ፣
ሆዷ አስፋልት ሲልስ፣ ከሥሯ እሳት ሲነድ፣
«ጀግና!» እያልን ጮኽን፤
መንገዱ የሆዷን ሳንቃ እየላገ መሆኑን
ማን ልብ ይበል ያን ቀን?

ሻምፓኙ ከጫማው ሳይደርቅ፣ ኦርኔላ መጣች፣
የቢላ ሠሪ ልጅ፤ ስለትን በአውራ ጣት እየለየች ያደገች።
መለኪያዋን ይዛ ከመኪናዋ ሥር ተኛች።
ለካች። ዝም አለች። ደግማ ለካች።
«ሕጉ ዘጠኝ ሚሊሜትር ነው፤ ይኼ ስምንት ተኩል» አለች።

«ከመታጠፊያው ያወጣኋት በዚህ እጄ ነው!» ሲል
ኤልቪዮ አልዋሸም። እጁማ ልክ ነበር።
ልክ ያጣሁት እኔ ነኝ፣ መካኒኩ፤
ዓርብ ማታ በባትሪ ብርሃን
ቁልፉን ሁለት ዙር አዙሬ ዝቅ ያደረግኋት፣
መሬት አጥብቆ እንዲይዛት፣ ነፋስ እንዲጫናት።

ዋንጫው ለሁለተኛው ሄደ፤ እሱም ሳይስቅ ወሰደው።

ሳንቃው ዛሬ ጋራዤ ውስጥ መደርደሪያ ሆኗል፤
ከፊት በኩል ሳስቷል፣ ብሎን ሳስቀምጥበት
ቀስ ብሎ ወደ እኔ ይንከባለላል።